ያስጠናኋት ዕድሜ

ማዳሜ ከታላቅ እህቷ ጋር በስልክ ብዙ አወራችና ወደ ማድቤት መጥታ፣ «እንዳንቺ ያለች ልጅ የለችሽም?» አለችኝ። ዕቃ እያጠብኩ ነበር። «እህቴ ኤጀንሲ አታምንም። አንቺ የምታውቂያት፣ አንቺ ተያዥ የምትሆኛት ልጅ ትፈልጋለች።»

ሳዑዲ፣ ኾበር ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። እኛ ሴቶቹ ይህን ጥያቄ እንደ ሹመት ነው የምናየው። ቤተሰቡ ከወደደሽ ቪዛ ያወጣል፤ ለማን እንደሚላክ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ አገር ቤት ስምሽ ይነሳል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ፈሪ ነኝ፤ ከመተኛቴ በፊት ጋዙ መዘጋቱን ሦስት ጊዜ የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቶሎ እሺ አላልኩም። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ስለ ቋንቋው አሰብኩ፤ ስለ ምግቡ አሰብኩ፤ የማዳም እህት ቶሎ የምትቆጣ መሆኗንም አሰብኩ። እምቢ ማለት እንደሚቻል ግን አላሰብኩም።

ምክንያት ነበረኝ። ልጄን ትቼ የመጣሁት ኮምቦልቻ፣ አንድ አጥር ከምንጋራት ጎረቤቴ ጋር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች ስለያት። ጎረቤቴ ከራሷ ልጆች ጋር አብልታ፣ ጸጉሯን ሠርታ፣ ደብተሯን አይታ ታሳድግልኛለች። አንድ ቀን እንኳ ምን አደረግሽልኝ ብላ አታውቅም። ቪዛ ተገኘ ስላት በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ማንን ልትልክ እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገኝ። ትልቋን ልጇን ነበር። ልጅቱ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«ገና ልጅ አይደለችም?» አልኳት።

«አንቺ በስንት ዓመትሽ ነው ሰው ቤት የገባሽው?» አለችኝ።

በዐሥር ዓመቴ ነው። ከገጠር አምጥተው ዘመድ ቤት አስገቡኝ። ልጅ አዘልኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፤ ትምህርቱንም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያን ጊዜ ማንም ክፉ ነገር ተሠራብኝ አላለም፤ እኔም አላልኩም። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እሺ አልኳት።

መታወቂያዋ ላይ ዐሥር ዓመት ተጨመረ። ስሟም ተለውጦ በሙስሊም ስም ፓስፖርት ወጣላት። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእኔም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው ላይ ያለው ስም እናቴ ያወጣችልኝ አይደለም። ወረቀቱን አንድ የኮምቦልቻ ደላላ ጨረሰ። የቀረውን እኔ ጨረስኩ። ማዳም ስልክ በፈቀደችልኝ ቁጥር ደውዬ አስጠናኋት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ዐሥራ...»

«እንደገና!»

«ሃያ ስድስት።»

«በዓረብኛ።»

«ሲታ ወ ዒሽሪን።»

«ቤቱ እንዴት ነው፣ ችግር አለ ወይ ቢሉሽስ?»

«ጥሩ ነው። ማፊ ሙሽኪላ።»

«ማን ቢጠይቅሽ?»

«ማንም ቢጠይቀኝ፣ እትዬ» ትላለች እየሳቀች። «እናቴ ራሷ ብትጠይቀኝ ሃያ ስድስት ነኝ ነው የምላት። መቼ እንደወለደችኝ ከፈለገች ታስታውስ።»

እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ለእሷው ደኅንነት መስሎኝ ነው። ዕድሜዋ ከታወቀ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይመልሷታል፤ የስንት ሰው ልፋት ከንቱ ይቀራል ብዬ ነው። ሌሎቹም ሴቶች ለሚያመጧቸው ልጆች እንደዚሁ ያደርጋሉ። ከሁላቸውም በደንብ ያስጠናሁ ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ያኔ የሳምንቱ እረፍት ሐሙስና ዓርብ ነበር። ዓርብ ከሶላት በኋላ የማዳም ወገን በሙሉ ደማም ሄዶ ሙሐመዲያ ሰፈር ያለው የእህትየዋ ቤት ይሰበሰባል። እኔንም ለሥራ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከልጅቱ ጋር የምንገናኘው እዚያ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹን የሩዝ ትሪዎች ስናጥብ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ሁለታችንም ሥጋውን አንነካም። ከትሪው ዳር ሩዝ ሩዙን እንለቅማለን።

«እትዬ፣ ሩዙስ በሥጋ መረቅ አይደል የተሠራ?» አለችኝ በመጀመሪያው ዓርብ።

«ዝም ብለሽ ብዪ። እግዜር መረቁን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።»

«እንግዲያው ሥጋውንም ለምን አያልፈውም?» አለችና በሳቅ ፈነዳች። እህትየዋ ከሳሎን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዝም እንድንል ነገረችን።

በሁለተኛው ወር ሳቋ ቀነሰ። እጇ በበረኪና ተላልጦ ነበር። ጠየቅኳት። የምትሠራው ሦስት ቤት ነው፤ የእህትየዋን ቤት፣ ከዚያም ያገቡትን የሁለቱን ሴቶች ልጆቿን። ጠዋት አንደኛዋ ጋ፣ ከሰዓት ሁለተኛዋ ጋ ይወስዷታል፤ አመሻሽ ላይ ተመልሳ የሦስቱንም ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ስልኳን እህትየዋ ይዛዋለች። ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉባታል።

«ለምን አልነገርሻቸውም? የመጣሽው ለአንድ ቤት ነው» አልኳት።

«ማፊ ሙሽኪላ በይ አላልሽኝም?»

እኔም ምን አልኳት? «ቻይው» አልኳት። «ሁለት ዓመት ምንድን ነው? ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ያልቃል።» እኔንም እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ለእናቷ ስደውል ደግሞ፣ «ደኅና ናት፣ ወፍራለች» እላለሁ። ጎረቤቴ ስልኩን ለልጄ ትሰጣታለች፤ ልጄም በትምህርት ቤት ስንተኛ እንደወጣች ትነግረኛለች። በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ እደግማለሁ።

በአምስተኛው ወር ዓርብ ዓርብ ማድቤት አጣኋት። ስጠይቅ እህትየዋ «ልጄ ቤት ናት» ትላለች። አንድ ቀን ጠዋት ማዳም አባያዋን ለብሳ መጣችና፣ «ተነሺ፣ ልበሺ። የእህቴ ሠራተኛ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች። የሚሏት አይገባትም፤ አንቺ ታስተረጉሚላታለሽ» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ የማውቀውን ጸሎት በልቤ እያልኩ አብሬያት ሄድኩ።

አልጋው አጠገብ እህትየዋ ቆማለች። ከእሷ ሌላ፣ ነጭ ካፖርት የደረበች መነጽራም የሆስፒታሉ ሠራተኛ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ሥራዋ ሕመምተኞች ቤታቸው ምን እንደገጠማቸው መጠየቅ ነው። ልጅቱ ስታየኝ፣ «እትዬ፣ መጣሽ?» አለች። ክንዷ አንሶላው ላይ ተዘርግቷል።

ሠራተኛዋ ቀስ እያለች አስረዳችኝ፤ የእኔ ዓረብኛ የማድቤት ዓረብኛ መሆኑ ገብቷታል። ልጅቱ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅላ በጭሱ ታፍና ነው የወደቀችው። «ከእሱ ትድናለች» አለች። «እኔ የምጠይቀው ስለዚህ ነው» ብላ የልጅቱን ክንድ አሳየችኝ። የካውያ ጠባሳ ነው። አንዱ ደርቋል፣ ሌላው ገና ጥሬ ነው።

«ማን እንዳቃጠላት ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች። «ስተኩስ እንቅልፍ ጣለኝና ካውያው ላይ ወደቅሁ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ይህንን ስናገር እህትየዋ እጇን አነሳች፦ «አላልኳችሁም? ወላሂ ማንም ጣቱን አላነሳባትም!»

እውነቷን ነው። ማንም አልመታትም። ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ዱላውን ነው። ዱላ የለም ስል ፊታቸው ይለዝባል፣ ታዲያ ምን ሆነች ይሉኛል። አንዲት ልጅ ቆማ እያለች፣ የጋለ ብረት በእጇ ይዛ፣ እስክትወድቅ ድረስ ማረፍ አልተፈቀደላትም። ባርነት የሚለውን ቃል ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ልጅ ሆኜ ስሰማው ሰንሰለት ነበረበት፤ እዚህ ሰንሰለት የለም። የተቆለፈ በር አለ፣ የተያዘ ስልክ አለ፣ አፏን የዘጋሁባት እኔ አለሁ።

«ቤቱ እንዴት ነው?» አለች ሠራተኛዋ።

ልጅቱ እኔን ሳትጠብቅ ራሷ በዓረብኛ መለሰች፦ «ጥሩ ነው። ማፊ ሙሽኪላ።»

«ዕድሜሽ?»

«ሲታ ወ ዒሽሪን።»

ይህን ብላ አየችኝ። ትምህርቱን በትክክል እንደመለሰ ተማሪ ነበር ያየችኝ።

ሠራተኛዋ የፓስፖርቱን ቅጂ አየች። ሃያ ስድስት ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እኔም ዓይን አለኝ» አለች። «ቤቴ በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ አለችኝ። ልጅን ለሥራ ማምጣት እዚህም ክልክል ነው፣ በዓለም ሁሉ ክልክል ነው። ግን ትልቅ ሰው ከሆነችና ችግር የለም ካለች እኔ የምጽፈው የለኝም።» መዝገቡን ልትዘጋው ጫፉን ያዘች።

ቴሌቪዥን ላይ ስለ ሠራተኞች ሕግ ሲወራ ማዳም ቤት እሰማ ነበር። የብዙ አገር ሰዎች ተሰብስበው፣ ተስማምተው፣ ፈርመው ይታያሉ። እነዚያ ሰዎች ለዚች ልጅ ሕግ ጽፈውላታል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከኮምቦልቻ እስከ ደማም ተረዳድተን ሕጉ እንዳያገኛት አድርገናል። ቀበሌው፣ ደላላው፣ እናቷ፣ እኔ። በወረቀቱ በኩል ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር።

ፈራሁ። ማዳም አጠገቤ ናት፤ ኢቃማዬ በእጇ ነው። ልጄ የዚች ልጅ እናት ቤት ነው የምታድረው። የውሸቱ መነሻም እኔ ነኝ። ሁሉንም አሰብኩ፤ ሁሉም ዝም በይ ይላል። ግን ልጅቱ አሁንም እያየችኝ ነበር፤ ጎበዝ እንድላት ነው የምትጠብቀው። እሱን መቻል አቃተኝ።

«ላ፣ አይደለም» አልኩ። «ዐሥራ ስድስት ነው ዕድሜዋ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ስትወለድ ነበርኩ። እናቷን ደግፌ የያዝኩ እኔ ነኝ።»

ልጅቱ ቁጥሩን ሰምታ ከትራሱ ቀና አለች። «እትዬ! ምን አልሻት?»

«እውነቱን ነገርኳት።»

«የምን እውነት? ሃያ ስድስት ነኝ! ሲታ ወ ዒሽሪን!» ወደ ሠራተኛዋ ዞረች፤ በአማርኛ ነው የምትጮኸው። «አትስሟት፣ ውሸቷን ነው! ራስሽ አይደለሽ እንዴ በይ ያልሽኝ? በስልክ ስታስለፈልፊኝ የከረምሽው ምን ሆነሽ ነው? ባዶ እጄን ልትመልሺኝ ነው? እናቴ ያንቺን ልጅ ታሳድጋለች፣ አንቺ እኔን ታዋርጃለሽ!»

«ምን ትላለች?» አለች ሠራተኛዋ።

አስተርጓሚ ነበርኩና አስተረጎምኩ። «ውሸታም ነሽ ትለኛለች። ሃያ ስድስት በይ ብላ በስልክ ያስጠናችኝ ራሷ ናት ትላለች። እናቷ ልጄን እንደምታሳድግልኝም ትናገራለች።» «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው።»

ሠራተኛዋ መዝገቡን መልሳ ከፈተችና እስክሪብቶዋን አነሳች። ስንት ቤት እንደምትሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ በሩን ማን እንደሚቆልፍ ጠየቀች። ልጅቱ እያለቀሰች መለሰች። እኔም አንዱንም ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።

ኮሪደሩ ላይ እህትየዋ እባብ ብላ ሰደበችኝ። ሹፌሩ ማዳምንና እኔን ወደ ኾበር መለሰን። ቤት አጠገብ ስንደርስ ማዳም፣ «ፓስፖርቱ ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም፤ ጥፋቴ ነው። ግን ማዳም፣ አንቺም በዕድሜዋ ያሉ ልጆች የምታስተምሪ ሰው ነሽ። በየዓርቡ ሩዝ ስታቀርብልሽ ፊቷን ታዪ ነበር።»

 ሹፌሩ መኪናውን ቢያቆምም ሳትወርድ ትንሽ ተቀመጠች።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ልጅቱ አገሯ ለመግባት ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ እሱን የሚያስመታው ካፊሏ፣ ማለት በስሙ ያስመጣት የእህትየዋ ባል ነው። እነሱ ደግሞ አናስመታም አሉ። እንዲያውም ከቤት ጠፍታለች ብለው ሁሩብ እናስመዘግባታለን አሉ። ሁሩብ የተባለች ሴት ወንጀለኛ ሆና ትፈለጋለች እንጂ ተበደልኩ የምትልበት ቦታ የላትም። ሆስፒታሉም ቁስሏ ከደረቀ በኋላ አያቆያትም። ማዳምን ለመንኳት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ከእጄ ወጥቷል። እህቴ ናት፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እኔ ምን አለኝ ብዬ አሰብኩ። አንድ ነገር ነበረኝ። በዚያ ወር ውሌ ይታደሳል። የማዳም እናት አልጋ ላይ ናቸው፤ ገላቸውን የማጥባቸው እኔ ነኝ፤ ጉርሻም ከእጄ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሌሎች ሲሞክሩ አፋቸውን ይዘጋሉ። በሽተኛን መያዣ ማድረግ ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሌላ በር አልነበረኝም።

«ማዳም» አልኳት፣ «ልጅቱ ኹሩጅ ካልተመታላት እኔም ውሌን አላድስም። አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«የምፈራው እኔ ነኝ። ግን አላድስም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሻይዋን ሳቀርብ፣ «ማዳም፣ የልጅቱ ኹሩጅ?» እላታለሁ። ከዚያ ውጭ ቃል አልጨምርም። ሥራዬንም አላጓደልኩም፤ እናቷንም እንደ ወትሮው አጥባለሁ። አንድ ቀን ኩባያውን ገፋችው። አንድ ቀን «ዛሬ እንዳትጠይቂኝ» አለችኝ፤ ጠየቅኳት። በዘጠነኛው ቀን ክፍሏን ዘግታ ከእህቷ ጋር በስልክ ስትጮህ ሰማኋት። ከእህቷ ጋር እንዲህ ስትነጋገር ሰምቼ አላውቅም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ነገ ባሏ ያስመታል» አለችኝ።

ልጅቱ ከመድረሷ በፊት እናቷ ከእኔ መስማት ነበረባት። ደወልኩ። ማድቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር። ዕድሜውን፣ ሦስቱን ቤት፣ ወፍራለች ያልኩትን ውሸት፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ነገርኳት።

«ባዶ እጇን ላክሽብኝ?» አለች።

«ከነነፍሷ ላክኋት።»

«የሰው ልጅ ሁሉ እየቻለ የኔ ልጅ ብቻ አቃታት? አንቺ ችለሽ የለም እንዴ?»

«እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ቤቴም አንድ ነው።»

«እንግዲያው ልጅሽን አንሺልኝ» አለችና ዘጋችው።

ወንድሜ ደሴ ነው የሚኖረው። ልጄን ሄዶ እንዲያመጣት ለመንኩት። ልጄ የለመደችውን ትምህርት ቤት ልትለቅ ነው፣ እንደኔው በዘመድ ቤት ልትንከራተት ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ግን ያደረግኩትን ለመመለስ አንድም ቀን አልፈለግኩም። ልጅቱን ስትሄድ አላየኋትም፤ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የወሰዷት። ያቺ የሆስፒታል ሠራተኛ ለማዳም ደውላ አገሯ ገብታለች ብላ ነገረቻት።

ከገባች ከሳምንት በኋላ ከጎረቤቴ ሚስኮል መጣ። መልሼ ደወልኩ። የጓሮው ዶሮ ሲጮህ እሰማለሁ።

«ገላዋን ሳጥባት ክንዷን አየሁት» አለችኝ።

«እሺ።»

«ወፍራለች ስትዪኝ ነው ይሄ የሆነው?»

«አዎ።»

«አንቺ ሴትዮ...» ብላ አቆመች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማኋት። «ወንድምሽ መጥቶ ነበር። መልሼዋለሁ። ልጅሽ እዚሁ ናት፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚተኙት።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

«ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችዋ ሴትዮ መጥታ ነበር» አለች ቆይታ። «ባንቺ በኩል ለልጇ ቪዛ ይገኝ እንደሆነ ልትጠይቅ። የኔዋን ክንድ ገልጬ አሳየኋት።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። ከዚያ ሌላ ደላላ አለ አለች። እሱ የሚልከው ደኅና ቤት ነው አለች። በመጪው ወር ልትሄድ ነው።»

«ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ከኔዋ በአንድ ዓመት ታንሳለች።»

«የሴትዮዋን ስልክ ስጪኝ» አልኳት።

እስክሪብቶ ፈልጌ ከሩዝ ከረጢቱ ላይ በቀደድኩት ወረቀት ቁጥሩን ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ እንዳልሳሳት። ማዳም ከሳሎን ሻይ ብላ ተጣራች። «መጣሁ» አልኩና መጀመሪያ ለሴትዮዋ ደወልኩ።